የሙሽራዋን ወንድም ፍለጋ ወደ ሉጋያ ባሕር

ጅግጅጋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወገቤ ከስፌት መኪናዬ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ከአውበሬ ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ ለማየት አንድም ቀን ያላማረኝ ሰው ነኝ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔም አልናፈቀኝም ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ደንበኛው ሁሉ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መስሎ ስለ ባሕር ይጠይቀኛል። ያንኑ ነገር ከመደጋገም ልጻፈውና ልገላገል አልኩ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ስለ ባሕሩ ውበት ብዙ የማወራው የለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቴ በጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ ነበር።

የላኩኝ ኤዶ ሃሊሞ ናቸው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በሥጋ አንዛመድም፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። በ2010 ክረምት ከተማችን በታመሰ ጊዜ ሚስቴንና ልጆቼን ጓዳቸው አስገብተው፣ እሳቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሂድልኝ ሲል ወዴት ይባላል እንጂ አልሄድም አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤዶ ሃሊሞ ባል ሞተዋል። ሴት ልጃቸው ሆዳን አውበሬ ከሚሠራ ነስር ከሚባል ነርስ ጋር ተዋደደች፤ እናቲቱም ልጁን ወደዱት። በእስልምና ሥርዓት ደግሞ አባት ከሌለ ሴት ልጅን ለባል የሚድራት ወንድሟ ነው። የሆዳን ወንድም ሙክታር ከዓመታት በፊት ድንበር ተሻግሮ፣ ከቦረማ በታች ባሕር ዳር ወዳለችው ሉጋያ ወርዶ ዓሣ አጥማጅ ሆኗል፤ ስልኩ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት ይበዛል። «እኔ ባሕር ላይ ነኝና ለእህቴ ጉዳይ አንተ ወኪሌ ሁን» ብሎ በምስክር ፊት ለአጎቱ ቃል ሰጠ። ክፋት አስቦ አልነበረም። አጎትየው ግን ነርሱን አይፈልገውም። ሌላ ሰው፣ በዕድሜ አባቷ ሊሆን የሚችል ነጋዴ ወዳጁን አጨላትና ቀን ቆረጠ፤ ከረመዳን በፊት ያለው አርብ። ሆዳን አልቅሳ እንቢ አለች፤ አጎትየው ውክልናው በእጄ ነው አለ። ውክልናውን ሊያነሳ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባሕር ላይ ነው።

«የእኛን ሰው ብልክ ቦረማ ሳይደርስ አጎቱ ይሰማል» አሉኝ ኤዶ ሃሊሞ። «አንተን ግን ማንም አይጠረጥርም። ልብስ ሰፊ ባሕር ዳር ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱን ነው የምለው፣ ኤዶ» አልኳቸው።

አልሳቁም። «እስከ አርብ አምጣልኝ» ብለው ብቻ ተነሱ።

ቅዳሜ

ጅግጅጋ ጠዋት ብርድ ነበር። ወፍራሙን ጃኬቴን ለብሼ፣ ሚስቴን አውበሬ ጨርቅ ሊገዛ ሄዷል በይ ብያት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ይህችን ውሸት ሰፈሩ እስካሁን ያምናታል፤ ይህን ያነበበ ከዛሬ ጀምሮ ይተዋት።

አውበሬ ላይ ነስር ይጠብቀኝ ነበር። ነጭ ጋውኑን እንኳ አላወለቀም። ምሳ አዘዘልኝ፤ ላሖሕ በጉበት። ላሖሕ የእነሱ እንጀራ ነው፣ ከእኛው ትንሽ ይጣፍጣል፣ ይወፍራል። እኔ ስበላ እሱ ሻዩን እያማሰለ ተቀመጠ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ማማሰሉን አልተወም።

«ጋሼ ጌታነህ፣ ሙክታር እኔን አያውቀኝም» አለኝ። «ስለ እኔ ምን ይሉታል?»

«ላሖሕ የሚጋብዝ፣ ራሱ ግን የማይበላ ነው እለዋለሁ።»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከኪሱ ክኒን አውጥቶ በወረቀት ጠቀለለልኝ፤ ለባሕር ማቅለሽለሽ ነው፣ ምናልባት ጀልባ የሚወጡ ከሆነ አስቀድመው ይዋጡት አለኝ። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ይሄ ልጅ ካልተዳረ የምትበደለው ሆዳን ብቻ አይደለችም ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ በኋላ ጉዞው የኤዶ ሃሊሞ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ከአውበሬ ወደ ቦረማ ሩቅ አይደለም። ድንበሩ ላይ ወዴት ብለው ጠየቁኝ፣ ጨርቅ ልገዛ አልኩ፣ እጄ ላይ ያለውን የመርፌ ጠባሳ አይተው አለፉኝ። ቦረማ ጅግጅጋን ትመስላለች፤ ያው አቧራ፣ ያው ፕላስቲክ ወንበር፣ ያው ድርያ የሚሉት የሴቶቹ ስስ ረጅም ቀሚስ በነፋስ ሲውለበለብ። ልዩነቱ አፌ ላይ ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ በሶማሊኛዬ እኮራለሁ፤ ቦረማ ላይ ሦስት ቃል ስናገር ሰው ዞሮ ያየኛል። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት ግን ትንሽ አዳምጣኝ በአማርኛ «ከየት ነህ?» አለችኝ። ክው አልኩ። ልጅ እያለች አውበሬ አጠገብ ስደተኛ ሰፈር አድጋለች፤ ያኔ ከወታደሮችና ከአስተማሪዎች የለቀመችው አማርኛ ነው።

«በአገራችሁ ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግሁት» አለችኝ። ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችልኝ፣ አጠገቡ እንደ ልማዳቸው ሙዝ። ሙዝ ከሩዝ ጋር ጅግጅጋም ስላለ አልደነገጥኩም። ጠዋት ስሄድ ፌስታል ሙሉ ላሖሕ ሰጠችኝና፣ ዕቃዬን አንድ በአንድ አይታ «ኮፍያ የለህም» አለች። የባሏን የሣር ባርኔጣ ራሴ ላይ ደፋችው። ለጠበበው ጭንቅላቴ ሰፊ ነበር፤ አልመለስኩላትም።

እሁድ

ከቦረማ ወደ ሉጋያ መንገድ አለ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ያለው ደረቅ ወንዝ ነው፤ መኪናው በወንዙ ሆድ ውስጥ ይሄዳል። አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ከዱቄት ጆንያ፣ ከዘይት ጀሪካንና ከአንዲት ፍየል ጋር ተጫንን። ፍየሏ ቀንዷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እስከ ቀትር ተኛች። እኛ ካራማራን ስንወርድ ጆሯችን ይደፈናል፤ ይሄኛው ቁልቁለት ግን ማለቂያ የለውም፣ በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል። ጠዋት ብርድ ያስመረረኝ ሰው ከሰዓት ሸሚዜን የምጨምቅ ሆንኩ።

ጎማ ፈነዳ። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰጠመ አልነሣ አለ፤ ሹፌሩ ከዱቄት ጆንያዎቹ አንዱን ከሥሩ አነጠፈበት። ባለ ዱቄቱ ጮኸ፣ ሌሎቹ ሳቁ፣ እኔ ለላሖሑ የሚበቃ ጥላ ፈልጌ ያመጣሁትን ለሁሉም አካፈልኩ። ፍየሏም ደረሳት።

ሲመሽ ባሕሩ ታየ። እውነቱን ልናገር፣ ምንም አልመሰለኝም። ከዝናብ በኋላ በቱሊ ጉሌድ በኩል ያለው ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ሲያበራ እንደሚታየው ያለ ነገር ነው፤ ዳርቻ የለውም እንጂ። ወገቤ ግን ስለተቆረጠ የሚያምር ነገር ለማየት አቅም አልነበረኝም።

ሰኞ

ሉጋያ አሸዋ ላይ የተበተነች ትንሽ ከተማ ናት። የሙክታርን ቤት አገኘሁት፤ ሙክታርን ግን አላገኘሁትም። ጀልባው ከወጣች ሰንብታለች፤ ዓሣው እስኪሞላ አትመለስም። መቼ ይሞላል ብል ጎረቤቶቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኛ ጅግጅጋ ዓሣ ማጥመድ ጠዋት ሄዶ ማታ መምጣት ይመስለናል፤ ኤዶ ሃሊሞም እኔም ያሰብነው እንዲያ ነበር። እነዚህ ግን ከባሕሩ ዳር ርቀው በትንሽ ጀልባ እዚያው ይከርማሉ፤ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ።

ያዳነኝ ዋርሳሜ የሚባል ሰው ነው። ለሚያጠምዱት በረዶና ውሃ እያደረሰ የያዙትን ዓሣ ተቀብሎ ይመለሳል። «ነገ ወደነሱ እሄዳለሁ» አለኝ። «መልእክት ካለህ ላድርስልህ።»

የዋርሳሜ አፍ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው፤ ጉዳዩን ለእሱ መንገር ለአጎትየው መደወል መሰለኝ። ሌላም ነገር ነበር፤ ሙክታር የአጎቱን ቃል ትቶ የሚመጣው ከቤቱ ሰው ፊት ለፊት ሲሰማ ነው። «አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ዛሬ በደንብ ብላ፤ ነገ ትመልሰዋለህ» አለኝ።

የዋርሳሜ ሚስት ቤቷ አሳደረችኝ። ማታ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ አቀረበች። ስበላ ኤዶ ሃሊሞን አሰብኩ። ግመል አርቢ ዘር ናቸው፤ ዓሣ አይቀምሱም፣ ልጃቸው ምን ይሠራል ሲባሉም «ወደብ ላይ ነው» ይላሉ እንጂ አጥማጅ ነው ብለው አያውቁም። ያ የተደበቀው ዓሣ እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ።

ማክሰኞ

ጀልባዋ ከአንድ ሚኒባስ ብዙም አትበልጥም፤ ጣሪያ የላትም፣ ከኋላዋ ሞተር ተንጠልጥሏል። መሃሏ ላይ ሁለት የሞቱ ፍሪጆች በጀርባቸው ተኝተዋል፤ በረዶ የሚሞላው በእነሱ ነው። ጅግጅጋ ፍሪጅ ሲሞት ጫማ መደርደሪያ ይሆናል፣ እዚህ ባሕር ይወርዳል። አንደኛው ላይ አስቀመጡኝ።

ከባሕሩ ዳር ስንርቅ ጃኬቴ ትዝ አለኝ። ዋርሳሜ ቤት ሚስማር ላይ ሰቅየዋለሁ፤ የነስር ክኒን ኪሱ ውስጥ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልጽፍም። የትናንቱ ዓሣ ወጣ፣ ሩዙ ወጣ፣ የቦረማው ላሖሕም ሳይወጣ አልቀረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የሰማሁት ሁሉ ውሸት ነው፤ እኔን ከመጀመሪያው ያለ ምንም ሳቅ ነው የወሰደኝ። ዋርሳሜ ሞተሩን እንደያዘ «ዓሣዎቹን አታጥግብብን፤ መንጠቆ አይበሉልንም» እያለ ያሾፋል። ባልደረባው ግን ሎሚ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ጨርቅ በውሃ ነክሮ ማጅራቴ ላይ አደረገልኝ። ሲመሽ ጥልቀቱ ከሚያንስበት ቦታ መልሕቅ ጣልን፤ እኔም በቁሜ የሞትኩ ያህል ፍሪጁ ላይ ተጋደምኩ።

ረቡዕ

ረፋዱ ላይ የሙክታርን ጀልባ አገኘናት። አራት ሰዎች የቀለሙ መልክ በማይታወቅ ሸራ ሥር ተቀምጠው መንጠቆ ያያይዛሉ። ሙክታርን ወዲያው ለየሁት፤ የእናቱ ግንባር አለው። እሱም አየኝ። ልብስ ሰፊ ጎረቤቱ በባሕር መሃል፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ ሲመጣ ሰው ምን ያስባል? ክሩ ከእጁ ወደቀ።

«ጌታነህ፣ እናቴ ሞተች?» አለኝ በአማርኛ።

አይደለም ልል አፌን ስከፍት ማስመለሱ ቀደመኝ። እጄን አወዛወዝኩ፤ እሱ አዎ ያልኩ መሰለው። ከጀልባው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዋርሳሜ ነው «ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ሰውየው ነው የታመመው» ብሎ የጮኸለት። ሙክታር ቀና አለ፣ ሳቀ፣ ከዚያ በጣም ተናደደ። «ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ወደ እነሱ ጀልባ አሻገሩኝና ሁሉን ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ያወራነው በሶማሊኛ ነው፤ ሌሎቹም ይሰሙ ነበር። አጎቱ የነጋዴውን ስም አልነገረውም፤ «ጥሩ ሰው አግኝቼላታለሁ» ብቻ ነው ያለው። «እሷስ?» ብሎ ጠየቀኝ ሙክታር። ታለቅሳለች አልኩት። ነስርስ ምን ዓይነት ሰው ነው አለኝ። የሟሟውን ስኳር ሲያማስል እንዳየሁት ነገርኩት። 

የጀልባዋ አዛዥ ናኾዳ ጃማ ይባላሉ፤ ናኾዳ ማለት ካፒቴን እንደ ማለት ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸውን በሂና ቀብተዋል። «እዚሁ ውክልናውን አንሳ» አሉት። «ይህ ሰው ቃልህን ወስዶ ይመስክርልህ።»

ሁላችንም ቀለለን። ከዚያ ናኾዳው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ሰው ክርስቲያን ነው እንዴ?»

እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ። በኒካሕ፣ በእስልምና ጋብቻ ጉዳይ የእኔ ምስክርነት አይቆምም። ኤዶ ሃሊሞ ዘመድ ያልሆነ ሰው ሲፈልጉ ሃይማኖቴ አልታያቸውም፤ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሰው አይታየውም። የባሰው ነገር ለእኔም አለመታየቱ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተንከራትቼ የመጣሁት የማይቆም ቃል ለመሸከም ነበር። ድምፁን በስልክ እንቅዳ የሚል ሐሳብም ተነሣ፤ አጎትየው የማን ድምፅ ነው ብሎ አንድ ቀን ከተከራከረ ግን አርብ ያልፋል። ሙክታር ራሱ መሄድ አለበት።

ናኾዳ ጃማ ወደ ሙክታር ዞሩ። «ሂድ አልልህም፣ አትሂድም አልልህም» አሉት። «ሕጋችንን ግን ታውቃለህ።»

ሕጋቸው ከጉዞ መሃል ጀልባ ትቶ የሚወርድ ሰው በቦታው ሰው ሳይተካ አይወርድም የሚል ነው። ምክንያት አላቸው። አንዱ መልሕቅ ሲይዝ ሌላው ሞተር ይይዛል፣ አንዱ ክር ሲጎትት ሌላው የገባውን ውሃ ይቀዳል። አንድ ሰው ከጎደለ ባዶ እጃቸውን መመለስ አለባቸው፤ የሦስት ቤት ልጆች ደግሞ ይህን ጉዞ ይጠብቃሉ። ዋርሳሜና ባልደረባው የራሳቸውን ጀልባ መልቀቅ አይችሉም። ሙክታር ማንንም አልለመነም። ክሩን ከወለሉ አንሥቶ መጠቅለል ጀመረ።

«እኔ እቀመጣለሁ» አልኩ።

ሰዒድ የሚባለው ወጣት አጥማጅ ሳቀ። ናኾዳው አልሳቁም። «ምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ስለ ባሕር ምንም። ክር ግን ስይዝ ኖሬአለሁ።»

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። እንደዚያ ጀልባ ያስጠላኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ግን ይዤ የመጣሁት ልጅ እዚያው ሲቀር አይቼ እንዴት ኤዶ ሃሊሞ በር እቆማለሁ? ሙክታር አንገቴን አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ፤ የጣቱን የላስቲክ መሸፈኛ አውልቆ አጠለቀልኝ። የዋርሳሜ ጀልባ እየራቀች ሳለም ቆሞ ይጮህ ነበር፦ «ክሩን እጅህ ላይ አትጠምጥም! ጌታነህ፣ እጅህ ላይ አትጠምጥም!»

ያን ቀን ምሳዬ ዓሣ ነበር። ረቡዕ መሆኑ ትዝ ብሎኛል። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼ በላሁ፤ ደግነቱ ሆዴ ውስጥ ብዙም አልቆየም።

ሐሙስ

ሐሙስን የማስታውሰው በድካሙ ነው። ማጥመጃ ሥጋ መቆራረጥ፣ መንጠቆ ላይ መሰካት፣ ክር መልቀቅ፣ መጠበቅ። መጠበቁ ከሁሉ ይከፋል፤ ፀሐዩ ከላይም ከታችም ይመታል። ዓሣው ሲይዝ ደግሞ ክሩ መዳፍ ይልጣል። አንዱ ከእኔ የሚበልጥ ሻርክ መጥቶ የያዝነውን ዓሣ ግማሹን በልቶ ሄደ፤ እነሱ የባሕር አንበሳ ይሉታል። እኛ አገር ጅብ እንደሚያደርገው ነው፣ ምስጋና የለውም።

እጄ ሲደማ ናኾዳ ጃማ በኮምጣጤ አጠቡልኝ፤ ጮህኩ። ከዚያ ሸራው ላይ የነበረው ትልቅ ቀዳዳ ዓይኔ ገባ። ጠዋት ፀሐይ በዚያ ቀዳዳ ገብታ በየተራ ታቃጥለን ነበር። የመረብ መርፌ አለ ወይ አልኳቸው። አለ። ደሜን እየላስኩ ሸራውን ጣፍኩት፤ ድርብ ስፌት፣ ጠርዙን አጥፌ፣ ለሠርግ ልብስ እንደማደርገው። ከአውበሬ ወዲህ የምችለውን ነገር ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ ማስመለሱም ተወኝ። ሰዒድ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ «የሙክታርን ቦታ ይዘህ ቅር፤ እሱ መስፋት አይችልም» አለኝ። ሻዩን በአሸዋ በተሞላ ጣሳ ላይ አፍልቶ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ሰጠኝ። ስለ መጸዳጃው የሚጠይቀኝም አለ፤ አልጽፍም፣ ሚስቴ ታነበዋለች።

አርብ

ሌሊቱን ነፋስ ተነሥቶ ነጋ። የጅግጅጋ ነፋስ አቧራ ነው፣ ዓይን ያሳክካል፤ የባሕር ነፋስ ግን መሬቱን ራሱን ያነሣዋል። ማዕበሉ አንድ ጊዜ ሰማይ ያሳየናል፣ አንድ ጊዜ ጉድጓድ ይከተናል። መልሕቁ መጎተት ጀመረ። ሰዒድ ሞተሩን ይዞ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዞረ፤ ናኾዳው ገመዱን ያዙ፤ ሦስተኛው ሰው ፍሪጆቹን በገመድ አሰረ። የሙክታር ሥራ ውሃ መቅዳት ነው። የተቆረጠች ጀሪካን ሰጡኝ። ከእኔ ሌላ የሚቀዳ እንደሌለ ያኔ ነው ያየሁት፤ ተተኪ ሰው ግዴታ ነው ያሉትም በከንቱ እንዳልሆነ።

ናኾዳ ጃማ መጥተው ብወድቅ እንዲያንሳፍፈኝ ባዶ ጀሪካን ወገቤ ላይ አጥብቀው አሰሩልኝ፤ ለሌላ ለማንም አላሰሩም። ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ የልጆቼን ስም እየጠራሁ ነበር የምቀዳው። የጨው ውሃው የተላጠ መዳፌን ያቃጥለኛል፣ ጉልበቴ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል፣ የቀዳሁት ተመልሶ ይገባል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ አሁን ሼኩ ኤዶ ሃሊሞ ቤት ተቀምጠዋል ብዬ አሰብኩ። ምንጣፉ ተነጥፏል፤ አጎትየው ከነወዳጁ መጥቷል። ሙክታር ነፋሱ ሳይነሣ ሉጋያ ደርሶ ይሆን? ያ ደረቅ ወንዝ፣ ያ ክሪክ፣ ያ ድንበር!

«ደርሷል» አሉ ናኾዳ ጃማ፣ እንዳልጠየቅኳቸው።

«እንዴት አወቁ?»

«አላወቅሁም። አንተ ቅዳ።»

ቀዳሁ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ሲላላ ሦስቱ ተሰልፈው ሰገዱ፤ እኔም ወደ ምሥራቅ ዞሬ አባታችን ሆይ አልኩ። ለሆዳን እንደጸለይኩ አውቃለሁ፤ ለራሴ መጸለዬን ግን አላስታውስም፤ ደክሞኝ ነበር።

እሁድ

ቅዳሜን ሙሉ ዓሣው እንደ ጉድ ያዘልን፤ ከነፋስ በኋላ እንዲያ ነው አሉ። ፍሪጆቹ ሞሉ። እሁድ ከሰዓት መሬቱ በሩቁ ቡናማ ክር ሆኖ ሲታይ የሰዒድ ስልክ ጮኸ፤ ኔትወርክ ገባ። የእኔ ስልክ እዚያ አይሠራም። ሰዒድ ሳልለምነው ስልኩን ሰጠኝ። ናኾዳ ጃማ ሞተሩን አጥፉ አሉ፤ ጀልባዋ ዝም ብላ ተንሳፈፈች፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። የኤዶ ሃሊሞን ቁጥር መታሁ። ያነሣችው ሆዳን ናት።

«ሆዳን፣ ጌታነህ ነኝ። አርብ ምን ሆነ?»

«ጋሼ!» አለችኝ። «ሙክታር ደረሰ። ሼኩ መጽሐፋቸውን ከፍተው፣ አጎቴ ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ በዓሣ ሽታው ዘው ብሎ ገባ። አጎቴ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ሙክታር ውክልናውን አነሣ። ነስርን ከአውበሬ አስመጥቶ ማታውኑ ለእሱ ዳረኝ።»

ለናኾዳው ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ ሰዒድ የፍሪጁን በር እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር። በሉ ልስማ ብዬ ሌላውን ጆሮዬን ደፈንኩ፤ ሆዳን ገና እያወራች ነበር።

«ማታ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እናቴ ሙክታርን ጌታነህ የታለ አለችው። በቦታዬ ተቀምጧል አላት። ዋና ይችላል ወይ አለችው። እሱ አልጠየቀህም ነበር፤ አላውቅም አለ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ጋሼ፣ ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም» አልኳት።

ሆዳን ስታለቅስ ሰማኋት። ስልኩን ከእጇ ነጠቋት መሰለኝ፣ የኤዶ ሃሊሞ ድምፅ መጣ። ሰላም አላሉኝም።

«እኔ ልጄን አምጣልኝ አልኩህ» አሉኝ። «በአንዱ ልጄ ቦታ ሌላውን ልጄን አስቀምጥ አልኩህ?»

መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።